«ልጄን ኋላ መስመር አቆሟት»፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም ስለ ልጆች ስፖርት ወጪ ከጻፍኩ ወዲህ ከመጡት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ቺርሊዲንግ ናቸው። አልገረመኝም። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የቺር ጂም ፊት ዴስክ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ልጄም እዚያው አድጋለች፤ ከኋላ ቆማ ላይ ያለችውን የምትጠብቀው፣ ባክ ስፖት የምትባለው ነበረች። የቡድን ዝርዝር በወጣ ማግስት ስልኩን የማነሳው እኔ ነበርኩ፤ ምን ምን እንደተባልኩ እዚህ አይጻፍም። ዛሬ ሦስቱን ደብዳቤዎች ባንድ ላይ እመልሳለሁ፤ ጉዳያቸው አንድ ነውና።

ነገሩ እንግዳ ለሆነባችሁ፦ የምናወራው በትምህርት ቤት ፉትቦል ሜዳ ዳር ቆመው ስለሚያበረታቱት ልጆች አይደለም። ኦል ስታር የሚባለው ቺር ማንንም አይደግፍም፣ ራሱ ውድድር ነው። አሜሪካ ውስጥ ሕጉን የሚያወጣው ዩኤስኤኤስኤፍ የሚባለው የኦል ስታር ፌዴሬሽን ነው። ቡድኖች በዕድሜና በሌቭል፣ ማለትም በችሎታ ደረጃ ይመደባሉ፤ ሌቭሉ ከ1 እስከ 7 ይደርሳል። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ለሁለት ደቂቃ ተኩል ትርኢት ይለማመዳሉ። በአንድ ጂም ውስጥ ከአንድ በላይ ቡድን ላይ የምትወዳደር ልጅ ክሮስኦቨር ትባላለች። ጠቡ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ

ሰላም እትዬ። ልጄ 10 ዓመቷ ነው። ዩዝ ሌቭል 2 ቡድን ውስጥ ናት። አምና ፍላየር ነበረች፣ ከላይ የምትቆመዋ። ዘንድሮም ሜይ ላይ ትራይአውት አልፋ፣ የዩኒፎርም ከፍለን፣ ሰመሩን ሙሉ ፍላየር ሆና ስትለማመድ ከረመች። ኦክቶበር ላይ ከጁኒየር ሌቭል 4 ሦስት ልጆች ወደ እኛ ቡድን ወረዱ። አንዷ የልጄን ቦታ ወሰደች። ልጄን ከሥር የምትሸከም ቤዝ አደረጓት። ታምብሊንግ፣ ማለትም ግልብጡ ላይም ኋላ መስመር አቆሟት። ኮቿን ብጠይቃት «ለቡድኑ ብለን ነው» አለችኝ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ኢሜይል መጣ፤ ልጄ ሌቭል 1 ቡድን ላይ ክሮስ ታድርግ፣ በወር 60 ዶላር ተጨማሪ ክፈሉ ይላል። ባለቤቴ «የሚፈልጉት ገንዘባችንን ነው፣ ዛሬውኑ እናውጣት» ብሏል። ልጄ መኪና ውስጥ ገብታ ነው የምታለቅሰው። ይሄ ፍትሕ ነው?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ

እህቴ፣ አይዞሽ። መጀመሪያ ጂሞች ይህን ለምን እንደሚያደርጉ ልንገርሽ። ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም።

አንድ ስታንት፣ ማለትም ልጅ ወደ ላይ የሚነሳበት ትርኢት፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ልጅ ይፈልጋል። ሁለት ቤዝ ከሥር፣ አንድ ባክ ስፖት ከኋላ፣ አንድ ፍላየር ከላይ። ሃያ ልጅ ያለው ቡድን አምስት ስታንት አለው ማለት ነው። ኖቬምበር ላይ አንዲት ልጅ ቁርጭምጭሚቷን ብትሰበር የሚጎድለው አንድ ልጅ ብቻ አይደለም። የቀሩት ሦስቱም እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ። ያን ቀዳዳ ለመድፈን ዕድሜዋ የሚፈቅድላት፣ ሌቭል 2ን ሳትወድቅ የምትሠራ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትርኢቱን የምትይዝ ልጅ ያስፈልጋል። ከሌቭል 1 ብታመጪ የሰው ልጅ ራስ ላይ መጫወት ነው። ስለዚህ ከላይ ይመጣል። ትንንሽ ጂሞች ደግሞ ያለ ክሮስኦቨር ቡድን ማቆም ያቅታቸዋል። ዲቪዥን 2 የሚባሉት፣ ለዓመታት መስመሩ 125 ልጅ የነበረው፣ አንዲቱን ልጅ ሁለት ቦታ ካላሰለፉ የሚዘጋ ቡድን ይኖራቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ነጥብ ነው። እኔ የምጠረጥረው እዚህ ጋ ነው።

ዳኞች አንዲት ልጅ ምን ቻለች ብለው ብቻ አይደለም ነጥብ የሚሰጡት። ከቡድኑ ስንቱ ልጅ ሠራው ብለው ይቆጥራሉ። ሌቭል 2 ላይ ዋናው ነገር ባክ ሃንድስፕሪንግ ነው፤ ወደ ኋላ ተወርውሮ፣ በእጅ መሬት ነክቶ በእግር ማረፍ። ቡድኑ ለላይኛው ነጥብ ሦስት ልጅ ከጎደለው፣ ከሌቭል 4 ሦስት ልጅ ማውረድ ቀላሉ መንገድ ነው። ለእነሱ ባክ ሃንድስፕሪንግ እንቅልፍ ላይ ሆነው የሚሠሩት ነገር ነው።

እስቲ የሚቀጥለው ውድድር ላይ ስልክሽን አስቀምጪና ልብ ብለሽ እዪ። ከላይ የወረደችው ልጅ ራውንድኦፍ የሚባለውን መንደርደሪያ ግልብጥ ትሠራለች፣ ሁለት ሃንድስፕሪንግ ትጨምራለች፣ ከዚያ ማቆም አለባት፤ የሌቭሉ ሕግ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ሰውነቷ ግን ሌይአውት፣ እጅ ሳያስነኩ አየር ላይ ቀጥ ብሎ መገልበጥ፣ ሊቀጥል ለምዷል። ምንጣፉ ወደ ላይ ሲያነሳት ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ዝላዩን ስትውጠው ታያለሽ። አጠገቧ ያለችው ልጅ ደግሞ ሃንድስፕሪንግ የያዘችው ኦገስት ላይ ነው። ከመነሳቷ በፊት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እየቆጠረች ነው። ክርኗ ትንሽ ይታጠፋል። ስታርፍ ፊቷን ብታዪው አገር ምድሩ የሷ ነው። ዳኛው ወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ አንድ ናቸው።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። አንዲት ልጅ ሁለት ቡድን ላይ መሆኗ በራሱ ግፍ አይደለም። የወረደችው የጎደለ ቦታ ልትሞላ ከሆነ ቡድኑን አዳነች፣ ልናመሰግናት ይገባል። በቦታዋ ቆማ ሥራዋን በደንብ የምትሠራ ልጅ ተነስታ እሷ ከተተካች ግን፣ ሕጉ ቢፈቅድም ልክ አይደለም። ሌቭል የተበጀው ልጆች ከአቻቸው ጋር እንዲወዳደሩ ነው። ጂሙ ገንዘቡን የተቀበለሽ ሜይ ላይ «ልጅሽ የሌቭል 2 ልጅ ናት» ብሎ ነው። ኦክቶበር ላይ የሌቭል 2 ልጅ መሆኗ ጥፋት ሊሆንባት አይችልም።

አሁን ደግሞ የማይጥምሽን ልንገርሽ። የፍላየርነቱ ነገር እንደ ታምብሊንጉ ግልጽ አይደለም። የአስር ዓመት ልጅ በአንድ ሰመር ልትመዘዝ ትችላለች። አምና ቀላል የነበረችው ዘንድሮ ለቤዞቿ ከብዳ ሊሆን ይችላል። ሌቭል 2 ላይ ሁለት እግሯን ይዘው እጃቸውን እስከ መጨረሻው ይዘረጋሉ፤ ሌቭል 1 ላይ ከትከሻ አያልፍም ነበር። ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። በዚያ ላይ እኛ ሐበሾች አንድ አመል አለን። ላይ የቆመችው ብቻ ናት ለኛ ልጅ። ፎቶ የምናነሳት እሷን፣ አገር ቤት ለአያት የምንልከው የሷን። ልጄ ባክ ስፖት በነበረችበት ዘመን ሁሉ ዘመዶቼ «አንቺ መቼ ነው የምትወጪው?» ይሏት ነበር። ስትወድቅ የምትይዛት እሷ ናት ብዬ አስረዳሁ፣ ማን ሰምቶኝ። ልጅሽ ቤዝ በመሆኗ ያለቀሰችው እናንተ ቤት ምን ስለሰማች እንደሆነም አስቢበት።

ታምብሊንጉ ግን ሌላ ነው። ሃንድስፕሪንጓን በደንብ የምትሠራ ከሆነ ኋላ መስመር የሚያስቆማት ምክንያት አይታየኝም። እሱን ያዢ።

ኮቿን በር ላይ አታናግሪያት። ከውድድር በኋላማ ጭራሽ አታስቢው። ኢሜይል ጻፊና አሥራ አምስት ደቂቃ ጠይቂ። ስትገቢ ስለ ሌሎቹ ልጆች ስም ጠርተሽ አንዲት ቃል አታንሺ፤ አንዴ የሰው ልጅ ስም ከጠራሽ የሚሰማሽ የለም። እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ ከላይ የመጡት ልጆች የወረዱት ማን ጎድሎ ነው፣ የሚቆዩትስ እስከ መቼ ነው? ልጄ ወደ ፍላየርነት ለመመለስ ምን ይቀራታል? ያለ እነዚያ ሦስት ልጆች ይህ ቡድን ሌቭል 2 ላይ መቆም ይችላል ወይ? የመጨረሻውን ጥያቄ ጠይቀሽ ዝም በዪ። «አይችልም» ካለችሽ ስህተቱ የጂሙ ነው፤ ቡድኑ ከመጀመሪያውም ሌቭል 1 መሆን ነበረበት። «ይችላል» ካለችሽ ደግሞ «ታዲያ ለምን ወረዱ?» የሚለው ጥያቄ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው።

የወላጆቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ግን አደራ፣ እንዳትጽፊ። ስክሪንሾቱ ከአንቺ ቀድሞ ቢሮ ይደርሳል። እኔ ዴስክ ላይ ሆኜ ስንቱን አይቻለሁ።

ሌላም ነገር አለ፣ አንቺ እግረ መንገድሽን የነካሽው። ልጅሽ ሌቭል 1 ላይ ክሮስ ታድርግ ተብሏል። እዚያ ቡድን ውስጥ ባክ ወክኦቨር፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መገልበጥን፣ ገና የያዘች የስምንት ዓመት ልጅ ትኖራለች። የሷም እናት አለች። ልጅሽ ከወረደች ለዚያች እናት ልጅሽ ማን ናት? በሚቀጥለው ወር ደብዳቤ የምትጽፍልኝ እሷ ናት። ስለዚህ ለሦስቱ ልጆች ያወጣሽውን ሚዛን ለራስሽም ልጅ አውጪው። የጎደለ ስታንት ካለና እዚያ ፍላየር የምትሆን ከሆነ እሺ በዪ። ከላይ መሆን አልጠፋባትም ማለት ነው፣ በሳምንት ብዙ ጊዜ ትወጣለች፣ በራስ መተማመኗ ይመለሳል። የሚፈልጓት ታምብሊንግ ላይ ቁጥር እንድትሞላ ብቻ ከሆነ ግን አይሆንም በዪ።

60 ዶላሩንም ጠይቂ። የጎደለባቸው እነሱ፣ የምትሞላላቸው ልጅሽ፣ ከፋይዋ አንቺ? እኔ በሠራሁበት ጂም የክሮስኦቨር ክፍያ ለጠየቀ ይነሳለት ነበር። ያልጠየቀ ይከፍል ነበር። ነገሩ ይኸው ነው።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ መናደዱ ልክ ነው፣ ዛሬውኑ ማውጣቱ ግን ልክ አይደለም። የፈረማችሁትን ውል አውጡና አንብቡ፤ ብዙዎቹ ውሎች በመሀል ለወጣ ልጅም የዓመቱን ክፍያ ያስከፍላሉ። ከሁሉም በላይ ልጅሽ አሁን ቤዝ ናት። እሷ ስትወጣ ሦስት ልጆች እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ። ዓመቱን ጨርሷት፣ ሜይ ሲመጣ ሁለት ሌላ ጂም ሄዳችሁ እዩ። ስትገቡም መጀመሪያ «ክሮስኦቨር የምትወስኑት በምንድን ነው?» በሉ። በጽሑፍ የሚሰጣችሁ ካገኛችሁ እዚያ ቅሩ።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የ11 ዓመት ልጅ አለችኝ። ጎበዝ ናት ብለው ሦስት ቡድን ላይ አድርገዋታል፣ ሌቭል 2፣ 3 እና 4። በሳምንት አምስት ቀን፣ ወደ 14 ሰዓት ትለማመዳለች። እኛም ደስ ብሎናል፣ እውነቱን ለመናገር እንኮራባታለን። በቅርቡ ግን ተረከዜን ያመኛል እያለች ነው፤ ጠዋት ስትነሳ ታነክሳለች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከቀረን ወራት ሆነን። ዐቢይ ጾም ደግሞ ደርሷል፣ መጾም ትፈልጋለች። ኮቹ «ሦስቱም ቡድን ያለ እሷ አይሆንም» ይላል። ምን ይመክሩኛል?

አባት፣ ከዴንቨር

መልስ

ወንድሜ፣ ከተረከዙ እንጀምር፤ እሱ ቀጠሮ አይጠብቅም። በዚህ ዕድሜ፣ ብዙ በሚዘሉና በሚሮጡ ልጆች ላይ ተረከዝ አጥንት ገና በሚያድግበት ቦታ የሚመጣ ሕመም አለ፣ ሐኪሞች ሲቨርስ ይሉታል። በእረፍት ይድናል፤ ሳያርፉ ግን ይቆያል። እሱ ይሁን ሌላ የሚነግርዎት ሐኪም ነው፣ በዚህ ሳምንት ይውሰዷት። የሚያነክስ ልጅ ምንጣፍ ላይ አይወጣም፣ ኮቹ ምንም ይበል።

ሰዓቱንም ያስሉት። የአሜሪካ የአትሌቲክ ትሬይነሮች ማኅበር በ2019 ያወጣው ምክር አንድ ልጅ በሳምንት ለአንድ ስፖርት የሚያጠፋው ሰዓት ከዕድሜው ቁጥር እንዳይበልጥ ነው። ልጅዎ 11 ናት፣ የምትለማመደው 14። ያው ምክር በሳምንት ሁለት ቀን ሙሉ እረፍት ይላል፤ እሷ አምስት ቀን ልምምድ አላት፣ ቀሪዎቹ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የውድድር ቀኖች ናቸው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ልጆች በዓመት ውስጥ በጠቅላላው ሦስት ወር ያህል፣ አንድ አንድ ወር እየከፋፈሉ፣ ከስፖርታቸው እንዲያርፉ ይመክራል። ኦል ስታር ከሜይ እስከ ሜይ ነው። የምታርፍበትን ወር እርስዎ ካልፈለጉላት ማንም አይፈልግላትም።

«ያለ እሷ አይሆንም» መባሉ ያኮራል፣ ይገባኛል። ግን ልብ ይበሉ። የ11 ዓመት ልጅ ስትቀር ሦስት ቡድን የሚፈርስ ከሆነ፣ ችግሩ የቡድኖቹ አመዳደብ ነው። ያን ዕዳ የምትከፍለው በተረከዟ መሆን የለበትም። እኔ ብሆን ሌቭል 4ን ይዤ ሌቭል 2ን እተዋለሁ። እዚያ የምትማረው አዲስ ነገር የለም፣ ቦታውም ለሌላ ልጅ ይሆናል። ሌቭል 3 ላይ ይነጋገሩበት፤ ሐኪሙ ፈቅዶ፣ ሰዓቱ ከ11 ካላለፈ ብቻ። ለኮቹ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ምትክ የሚያለማምድበት ሁለት ሦስት ሳምንት ይስጡት፤ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ግን እሷ ታርፋለች።

ጾሙን በተመለከተ፣ ሽሮውና ምስሩ አይጎዳትም፣ እንዲያውም ጥሩ ምግብ ነው። የሚጎዳት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ ውላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰው መሸከም ነው። ራሷ ከዞረባት የምትጥለው ሌላ ልጅ ነው። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ የምግቡን ዓይነት እየጾመች ሰዓቱን ግን እንዲፈቱላት። ደግሞ የዓመቱን ካላንደር ከአሁኑ ይመልከቱ። ኦርላንዶ የሚደረገው ሰሚት የሚባለው የዓመቱ መጨረሻ ውድድር ብዙ ጊዜ ኤፕሪል መጨረሻና ሜይ መጀመሪያ ላይ ነው፣ የኛ ፋሲካም እዚያው ሰፈር ይወድቃል፤ በ2024 ሜይ 5 ነበር። ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ የሚነሳ የፋሲካ ጠብ ከባድ ነው።

ጥያቄ

ሃይ እትዬ፣ እናቴ ናት መጽሔቱን የምታነበው፣ ሲያትል ነው ያለነው። 13 ዓመቴ ነው። ሌቭል 4 ነኝ ግን ሌቭል 2 ላይ ክሮስ አድርጊ ተባልኩ። እዚያ ያሉት ልጆች አያናግሩኝም። አንዷ እናት ስናልፍ «ይቺ ናት» ስትል ሰማሁ። እኔ አልጠየቅኩም! ደግሞ ኮቼ ፀጉሬን ከርል ፖኒቴል አድርጊ ትለኛለች፣ እኔ ግን ሹሩባ ነኝ።

መልስ

የኔ ቆንጆ፣ ዝርዝሩን አንቺ አልጻፍሽውም። ያቺ እናት የተናደደችው በጂሙ ነው፣ ዓይኗ ውስጥ የገባሽው ግን አንቺ ነሽ። ትልቅ ሰው እንዲህ ማድረግ አልነበረበትም። ለእናትሽ ንገሪያት፣ አንቺ ግን መልስ አትስጪ።

ልጆቹን በተመለከተ ትንሽ በእጅሽ ያለ ነገር አለ። ልምምዳቸው ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተገኚ። ክሮስኦቨሮች ብዙ ጊዜ ትርኢቱ ሲሞከር ብቻ ብቅ ይላሉ፣ ይሄ ነው ሰው የሚያስቀይመው። ዋርምአፕ ላይ ሌይአውትሽን አትሥሪ፤ የዚያ ቡድን ልምምድ ላይ የዚያን ቡድን ነገር ሥሪ። ሃንድስፕሪንግ ያስቸገራት ልጅ ካለች አጠገቧ ቁሚና አብረሻት ቁጠሪ። የማንን ቦታ እንደወሰድሽ ካወቅሽ ደግሞ ሄደሽ አናግሪያት። «እኔ አልጠየቅኩም፣ ይቅርታ እንዲህ ስለሆነ» ማለት ይበቃል።

እዚያ ቡድን መሆን ካልፈለግሽ ደግሞ እምቢ ማለት ትችያለሽ። ኮችሽን «አመሰግናለሁ፣ ዘንድሮ ሌቭል 4 ላይ ብቻ መሆን እፈልጋለሁ» በያት። እናትሽ አጠገብሽ ትሁን። ይህን ከሰሙ በኋላ ከሌቭል 4 ቦታሽ ቢቀንሱብሽ እናትሽ ትጻፍልኝ፣ ያኔ ሌላ ወሬ ነው።

ፀጉርሽን ለኮችሽ አሳያት። ሹሩባ ተሰብስቦ ላይ ሲታሰር ያምራል፣ ከርል ያለው ፖኒቴል ደግሞ የሚቀጠል ይሸጣል፤ ልጄ በሱ ተወዳድራለች። ዶቃውን ግን ፍቺው። የመስቀል ሐብልሽም ከመውጣትሽ በፊት ይወልቃል፣ ጌጣጌጥ ምንጣፍ ላይ ክልክል ነው። ሐብሉን ለእናትሽ ስጫት እንጂ ቦርሳ ውስጥ አትጣይው፤ የውድድር አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ቦርሳ አንድ ዓይነት ነው።